ለዓይን የተጻፉ ደብተሮች

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መባቻ ልጁን ሊያስተምር የፈለገ የፈረንሳይ ገበሬ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቅ ነበር። ማንበብ ብቻ ከሆነ ወርኃዊው ክፍያ ዝቅ ይላል። መጻፍ ሲጨመር ከፍ ይላል፤ ሒሳብ ሲታከልበት ደግሞ ይብስ ይወደዳል። በብሪያንሶን ተራሮች አካባቢ ቀለም የዘለቃቸው ደገኞች የብርዱ ወራት ሲገባ ወደ ታች ወርደው በየመንደሩ በመምህርነት ይቀጠሩ ነበር። ገበያ መሀል ሲቆሙ ሙያቸው የሚታወቀው ባርኔጣቸው ላይ በሰኩት ላባ ነው፤ አንድ ላባ ማንበብ ብቻ ለሚያስተምር፣ ሁለትና ሦስት ላባ ከዚያ በላይ ለሚያውቅ። ላባው የሥራ መሣሪያቸውም ነው፤ ያኔ የሚጻፈው በዝይ ላባ ነበርና። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማንበብና መጻፍ በዋጋ ብቻ ሳይሆን በጊዜም የተራራቁ ነበሩ። ልጁ መጀመሪያ ዓመት ሁለት ዓመት ያነባል፤ ላባ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ወላጁ መክፈሉን ከቀጠለ። ስለዚህ ጸሎት መጽሐፉን አንብቦ ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ሞልቶ ነበር። ሉዊ ማጆሎ የተባለ ጡረታ የወጣ የትምህርት ሹም ከ1877 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ መምህራንን አስተባብሮ የድሮ የጋብቻ መዝገቦችን አስመረመረ። ከ1786 እስከ 1790 ከተጋቡት መካከል መዝገቡ ላይ የፈረሙት ከመቶ ወንዶች 47ቱ፣ ከመቶ ሴቶች ደግሞ 27ቱ ነበሩ። የቀሩት በፊርማቸው ቦታ ምልክት አድርገው ሄደዋል።

እንዲህ ባለ አገር ደብተር ተራ ዕቃ አይደለም። ወረቀቱ ከአሮጌ ጨርቅ በእጅ የሚሠራ፣ ውድ ነገር ነው። ቤተሰቡ ጥቂት ሉክ ገዝቶ ያጥፋል፣ በክር ይሰፋል፣ ሻካራ ሰማያዊ ወረቀት ያለብሰዋል። ቀለሙ በባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚያብጠው እበጥና ከብረት ጨው ይቀመማል። ላባውን የሚቀርጸው መምህሩ ነው፤ ጫፉ ቶሎ ስለሚደንዝ ብዙ ልጆች ያሉት መምህር ከቀኑ ብዙውን ሰዓት የሚያጠፋው ቢላዋ ይዞ ነበር።

መምህሩ የሚኖረው ወላጅ በሚከፍለው ገንዘብ ነው። ወላጁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም። ታዲያ ልጁ መማሩን በምን ይወቅ? በዓይኑ በሚያየው ነዋ! ዛሬ በፈረንሳይ ሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች እጅ የሚገኙት ያማሩ ደብተሮች ምስጢራቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ገጽ የገለጠ ሰው የልጁን ስም በትልልቅ ፊደላት፣ ጥላ ተሠርቶለት፣ ከመንደሩ ስምና ከዓመቱ ጋር ያገኘዋል። ዙሪያውን ሐረግ ይዞራል። ከሐረጉ በላይ ብዕሩ ከወረቀት ሳይነሣ በአንድ ጭረት የተሣለ ወፍ፣ አንዳንዴም ዓሣ ወይም አንበሳ አለ። ውስጡ ሲገባ «መደመር»፣ «መቀነስ»፣ «ማባዛት» የሚሉት አርእስት እያንዳንዳቸው በቀይና በአረንጓዴ ቀለም ታጥረው ተቀምጠዋል። ከአርእስቱ ሥር ያለው ስሌት ግን አንድ ሁለት ገጽ ነው፤ እሱም ተሠርቶ፣ ታርሞ፣ በንጹሕ የተገለበጠ። የቀለም ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። እንዲህ ያለውን ገጽ ሳይ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስህተቱ የት ሄደ የሚል ነው።

ስህተቱ በሌላ ወረቀት ላይ ነበር፤ ያ ወረቀት ደግሞ እሳት መለኰሻ ወይም ዕቃ መጠቅለያ ሆኗል። እኛ ዘንድ የደረሰው ለማሳየት የተሠራው ነው። የዘመኑን ትምህርት በእነዚህ ደብተሮች ብቻ የሚመዝን ሰው የፈረንሳይ ልጆች ሁሉ ሳይሳሳቱ ያደጉ ሊመስለው ይችላል።

ገና ዘመኑ ሳይጠባ ሁለት ነገሮች ከትምህርት ቤት ውጭ ተፈጥረው ነበር። እንግሊዝ ከአብዮታዊቱ ፈረንሳይ ጋር በነበራት ጦርነት ምክንያት የጽሕፈት እርሳስ የሚሠራበት ማዕድን ሲጠፋ፣ ኒኮላ-ዣክ ኮንቴ የማዕድኑን ዱቄት ከሸክላ ጋር ለውሶ በእሳት ተኩሶ አዲስ እርሳስ ሠራ፤ የባለቤትነት መብቱንም በ1795 አገኘ። በ1799 ደግሞ በኤሶን የወረቀት ፋብሪካ የሚሠራ ሉዊ-ኒኮላ ሮቤር ማለቂያ የሌለው ወረቀት የሚያወጣ ማሽን አስመዘገበ። ማሽኑ ያደገውና የተስፋፋው በእንግሊዝ ነው፤ ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ የወረቀትን ዋጋ እስኪያወርድ ድረስ ብዙ ዓመታት አለፉ።

እስከዚያው ወረቀትን ጨርሶ የሚያስቀር ዘዴ መጣ። በ1815 ናፖሌዎን ሲወድቅ ከእንግሊዝ የተቀዳ የትምህርት ሥርዓት በፓሪስ ደጋፊዎች አገኘ፤ ለዚሁም የሚሠራ ማኅበር በዚያው ዓመት ተቋቋመ። አንድ መምህር መቶዎችን ያስተምራል፤ የበሰሉት ልጆች ታናናሾቹን ያስጠናሉ። ትንንሾቹ በጣታቸው በአሸዋ ላይ ይጽፋሉ፤ ከፍ ሲሉ ወደ ድንጋይ ሰሌዳ ይሸጋገራሉ። ሁለቱም ይጠፋሉ፤ አሸዋው ይስተካከላል፣ ሰሌዳው ይወለወላል። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፤ ምሽት ላይ ለአባት የሚያሳዩት ነገር ግን የለም። ሥርዓቱን የጣለው ከሁሉ በላይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና የወግ አጥባቂዎች ተቃውሞ ነው። ወላጆችም ቢሆኑ ለአሸዋ ጽሕፈት መክፈል ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አላስብም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሰኔ 28 ቀን 1833 ነው። የትምህርት ሚኒስትሩ ፍራንስዋ ጊዞ ባወጣው ሕግ እያንዳንዱ ኮሙን (ትንሹ የአስተዳደር ክፍል) የወንዶች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖረው፣ እያንዳንዱ አውራጃም የመምህራን ማሠልጠኛ እንዲያቆም ታዘዘ። ጊዞ ሕጉን አውጥቶ ዝም አላለም፤ በዚያው ዓመት መጸው 490 ተቆጣጣሪዎችን በመላው አገሪቱ አሰማራ። ያዩትን ፖል ሎራን የተባለ ሰው አጠናቅሮ በ1837 አሳተመው። ጎተራ ውስጥ የሚካሄድ ትምህርት ነበር፤ መጠጥ ቤትና የጭፈራ አዳራሽ ውስጥም ነበር። መምህሩ ደወል ደዋይ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ጫማ ሰፊ ወይም ፀጉር ቆራጭ ሆኖ የሚገኝበት ቦታ ብዙ ነው። ከእንግዲህ ግን የልጁን ደብተር የሚያገላብጥ ሁለተኛ ተመልካች መጣ፤ ማንበብ የሚችል፣ ከመንግሥት የተላከ ተመልካች። ደብተሩ ለእሱም መሽሞንሞን ነበረበት።

የጊዞ ሕግ ለከፍተኛው የመጀመሪያ ደረጃ ጂኦሜትሪ፣ የመስመር ሥዕልና የመሬት ቅየሳ እንዲሰጥ ይላል። ጊዜው ለቀያሽ የተመቸ ነበር። ናፖሌዎን በ1807 ያስጀመረው የመሬት ምዝገባ እያንዳንዷን ማሳ በካርታ ላይ እያሰፈረ በ1850 ግድም ሊጠናቀቅ ተቃርቧል፤ ርስት ሲከፈል፣ ድንበር ሲገፋ፣ ግብር ሲጣል ሁሉ የሚለካ ሰው ይፈለጋል። ከዘመኑ ደብተሮች ሁሉ የምወዳቸው የእነዚህን ልጆች ነው። ማሳው በሦስት ማዕዘን ተከፋፍሏል፣ ቁጥሩ በጎን ተሰልቷል፣ ካርታው በውሃ ቀለም ተቀብቷል። ሕንፃው ቀላ ያለ፣ መስኩ አረንጓዴ፣ ወንዙ ሰማያዊ ነው። ከዳር አንድ ሰው የቅየሳ ሰንሰለት ይዞ ቆሞ፣ ሌላው ዘንግ ተክሎ ይታያል። ዛፎቹ አንድ በአንድ ከነጥላቸው ተሥለዋል። እዚህ ላይ ጌጡና ዕውቀቱ አልተጣሉም፤ ቀለሙ ራሱ ትርጉም አለውና። ሰማያዊውን በአረንጓዴ ቦታ የቀባ ልጅ ወንዙን መስክ አድርጎታል።

ቀጥሎ ሜትር መጣ። አዲሱ መለኪያ በአብዮቱ ዘመን ቢወለድም ሕዝቡ በክንድ በጋት አይነት አሮጌ ልኩ ቀጥሎ፣ ናፖሌዎንም አሮጌዎቹን ስሞች እንዲጠቀም ፈቅዶለት ነበር። በ1837 የወጣ ሕግ ከጥር 1 ቀን 1840 ጀምሮ ከሜትር ሥርዓት በስተቀር ሌላውን ሁሉ ከለከለ። አባት በገበያ በድሮው ልክ ሲከራከር ልጅ በትምህርት ቤት ሊትርና ግራም ይሥላል። ከ1840 ወዲህ ባሉት ደብተሮች ውስጥ ሙሉ ገጽ የያዘ የመለኪያ ሥዕል የተለመደ ነው፦ ከትልቁ እስከ ትንሹ የተደረደሩ የቆርቆሮ ሊትሮች፣ የናስ ሚዛን ድንጋዮች፣ በአንድ ሜትር ኩብ የተከመረ ማገዶ። ነጋዴው እንዳያታልለው ልጁ ዕቃውን በመልኩ ማወቅ አለበት። ይህንን ገጽ ወላጁም ቁጭ ብሎ ሳያይ አልቀረም።

በ1846 በሰሜኑ የባሕር ወደብ በቡሎኝ-ሱር-ሜር ብላንዚና ፑር የተባሉ ሰዎች የፈረንሳይን የመጀመሪያ የብረት ብዕር ጫፍ ፋብሪካ ከፈቱ። ሸቀጡ እስከዚያ ድረስ የሚመጣው ከእንግሊዝ፣ ከበርሚንግሃም ነበር። ወግ አጥባቂ መምህራን ብረቱ የልጁን እጅ ያደነድናል እያሉ ተሟገቱ፤ ዞሮ ዞሮ ግን የላባ ቢላዋ ከመምህሩ እጅ ወጣች። የተረፈው ሰዓት ወደ ጽሕፈት ገባ። ልጆቹ የሚማሩት የቁም ጽሕፈት ስልት አንድ አልነበረም፦ ክቡ «ሮንድ»፣ በእሱና በኢጣሊያው መካከል የተወለደው «ባታርድ»፣ ተያይዞ የሚፈሰው «ኩሌ»፣ ከሁሉም በኋላ ገብቶ ሁሉንም ያሸነፈው ዘንበል ያለው «አንግሌዝ»። አርእስት በሮንድ ይጻፋል፣ ንኡስ አርእስት በባታርድ፣ ተራው ጽሑፍ በአንግሌዝ። ጫፉን ተጭኖ ወደ ታች ሲስቡት ወፍራም፣ አቅልሎ ወደ ላይ ሲመልሱት ቀጭን መስመር ይወጣል፤ የጽሕፈቱ ውበት በሙሉ ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ከብዕሩ ጋር ቀለሙም በጊዜ ብዛት ተለወጠ። የድሮው የብረት ጨው ቀለም የብረቱን ጫፍ እየበላ ስላስቸገረ በዘመኑ ማብቂያ ሐምራዊው የፋብሪካ ቀለም ተተካ፤ ለፈረንሳውያን አያቶች የትምህርት ቤት ትዝታ ሐምራዊ የሆነው በዚህ ነው።

ወረቀቱ ደግሞ እየረከሰ፣ እየከፋም ሄደ። ከመቶ ዘመኑ አጋማሽ ወዲህ ከጨርቅ ይልቅ ከተፈጨ እንጨት መሥራት ተለመደ። የእንጨቱ ወረቀት በጊዜ ብዛት ይበልዛል፣ ይሰባበራል። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የ1820ዎቹ ደብተር ነጭ፣ የ1890ዎቹ ደግሞ ሻይ የተደፋበት የሚመስል ሆኖ ሲያገኘው መደነቅ የለበትም።

ሴቶች ልጆችን ሕጉ ዘግይቶ አስታወሳቸው። በ1850 የወጣው ሕግ ከ800 ነዋሪ በላይ ያለው ኮሙን የሴቶች ትምህርት ቤት እንዲከፍት አዘዘ፤ በ1867 ሚኒስትር ቪክቶር ዱሩዊ ቁጥሩን ወደ 500 አወረደው። የእነሱ የጌጥ ደብተር የተለየ ነበር። ገጹ ላይ ከጽሑፍ ይልቅ ጨርቅ ይለጠፋል፦ አንድ ጣት የማትሞላ የቅምቅማት ናሙና፣ የቁልፍ ቀዳዳ፣ የካልሲ ውቅር፣ አንዳንዴም ለአሻንጉሊት እንኳ የምታንስ ሙሉ ሸሚዝ። ከእያንዳንዱ ሥር ስሙ በቁም ጽሕፈት ተጽፏል። እነዚህ ደብተሮች እጅግ ያምራሉ፤ ግን ወንዱ ወንዝና ማሳ ሲለካ ልጅቷ የተሰጣት የጨርቅ ጠርዝ መሆኑን ሳያስቡ ማድነቅ ይከብዳል።

ዱሩዊ በ1866 የመጀመሪያ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀትን በየአውራጃው እንዲስፋፋ አደረገ። በ1867ቱ ሕግ ደግሞ የፈረንሳይን ታሪክና ጂኦግራፊ አስገዳጅ ትምህርት አደረጋቸው። ካርታ መሣል እንግዲህ የእያንዳንዱ ልጅ ዕዳ ሆነ።

በእነዚያው ዓመታት፣ በ1864ና በ1865 ግድም፣ በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በሻርልቪል ከተማ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በደብተሩ ላይ የላቲን ምንባብ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክና ሒሳብ ይጽፍ ነበር። በመሀሉ የራሱን ተረት ጀመረ፤ በዚያም ውስጥ ማንም የማይናገረውን ላቲን መማር ምን ይረባል፣ ፈተናስ ለምኔ ብሎ ያማርራል። ደብተሩ ለማንም ማሳያ የተሠራ አይደለም፤ የተረፈውም ልጁ አርቱር ራምቦ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ግጥሙን ትቶ ከ1880 መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሐረር እየተመላለሰ ቡናና ቆዳ ሲነግድ የኖረው፣ ዛሬም ከተማዋ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቤት ያለው ራምቦ። ከኤደንና ከሐረር ወደ ቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ስለ ብረታ ብረት፣ ስለ ውሃ ሥራ፣ ስለ አናጢነት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ላኩልኝ እያለ ይወተውት ነበር። ፈተና ለምኔ ያለው ልጅ በሠላሳ ዓመቱ ዳርቻ ራሱን በራሱ ተማሪ አደረገ። ታዋቂ ባይሆን ኖሮ ያ የልጅነት ደብተር እንደ ሌሎቹ ሚሊዮኖች በጠፋ፤ እኛም የዘመኑን ልጅ ያለ ጌጥ የምናይበት አንድ ቀዳዳ በተደፈነ ነበር።

በ1870 ከፕራሻ ጋር ጦርነት ተነሣ። በ1871 የተፈረመው የፍራንክፈርት ውል አልዛስንና የሎሬንን ክፍል ለጀርመን ሰጠ። ፈረንሳይ የተሸነፈችው በጀርመን መምህራን ነው የሚለው ወሬ ያን ጊዜ በየአፉ ነበር፤ እውነት ይሁን አይሁን ትምህርት ቤትን የአገር ጉዳይ አደረገው። በልጆች ደብተር ላይ የተሣለው የፈረንሳይ ካርታ በምሥራቅ በኩል የሐዘን ቀለም ያዘ፤ የተወሰደው ምድር በጥቁር ወይም በሐምራዊ ይቀባ ጀመር። ሠዓሊው አልቤር ቤታኒዬ በ1887 የሣለው «ጥቁሩ ነጥብ» የተባለ ሥዕል አንድ መምህር ያንኑ ቦታ በግድግዳ ካርታ ላይ ለተማሪው ሲያመለክት ያሳያል።

የደብተርን ታሪክ የቀየረው ሰው ፌርዲናንድ ቡይሶን ይባላል። በ1876 ፈረንሳይ ወደ ፊላደልፊያ ዓለም አቀፍ ትርኢት በላከችው የትምህርት ልዑክ ውስጥ ነበር። አሜሪካውያኑ ከሕንፃና ከወንበር ሥዕል ሌላ የተማሪዎችን ሥራ በብዛት አቅርበው ነበር። ቡይሶን ከእነዚያ መርጦ በፈረንሳይኛ አሳተመ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፓሪስ ራሷ ትርኢት ስታዘጋጅ የየአውራጃው ደብተር ወደ ዋና ከተማዋ ጎረፈ። መንግሥት ከመላ አገሪቱ መምህራንን ጠርቶ አስጎበኘ፤ በሶርቦን አዳራሽም ንግግር አስደመጣቸው። ቡይሶንና አራት ባልደረቦቹ ከቀረቡት ደብተሮች የመረጧቸውን የቤት ሥራዎች በአንድ መጽሐፍ አወጡ። በ1879 ደግሞ በዡል ፌሪ ሚኒስትርነት ፓሪስ ውስጥ የትምህርት ሙዚየም ተቋቋመ፤ የዚያ ስብስብ ወራሽ ዛሬ በሩዋን ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የትምህርት ሙዚየም ነው። ቡይሶን በዚያው በ1879 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የበላይ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ በወንበሩም ላይ 17 ዓመት ተቀመጠ።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ አዳራሽ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ደብተሮች ተደርድረው፣ ሁሉም ያማሩ፣ ሁሉም ንጹሕ፣ የመምህሩ እጅ የት አልቆ የልጁ የት እንደሚጀምር የማይለይ። ይህንን ያየ አስተዳዳሪ ወይ ይረካል ወይ ይጠረጥራል። ከዚያ በኋላ የወጣውን መመሪያ ሳነብ የጠረጠሩ ይመስለኛል።

በሰኔ 1881 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ነፃ ሆነ። በመጋቢት 1882 ከስድስት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት አስገዳጅ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችም ከሃይማኖት የተለየ ሆነ። ወርኃዊ ክፍያው ቀረ፤ ስለዚህ ደብተሩን ለከፋይ ወላጅ ማሳመር የሚባለው ጥንታዊ ምክንያት አብሮ ወደቀ። ሐምሌ 27 ቀን 1882 የወጣው የትምህርት አደረጃጀት ደንብ ደግሞ አዲስ ዓይነት ደብተር አዘዘ። እያንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አንድ ልዩ ደብተር ይሰጠዋል፤ ትምህርቱን እስኪጨርስ ይኸው ነው። በየወሩ ከየትምህርቱ የመጀመሪያውን ሥራ በዚህ ላይ ይጽፋል፤ የሚጽፈውም ክፍል ውስጥ ሆኖ፣ የማንም እርዳታ ሳይታከልበት። ደብተሩ ወደ ቤት አይሄድም፤ እዚያው ትምህርት ቤቱ ይቀመጣል። ዓላማው ልጁ ከዓመት ዓመት ያሳየውን ለውጥ መከታተል ነው። ከስህተቱ ጋር ማለት ነው።

ይህ ከባድ ለውጥ ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጅ የተንጋደደ ፊደልና የአሥራ ሁለት ዓመቱ የተስተካከለ ድርሰት በአንድ ሽፋን ውስጥ ተገናኙ። ከእነዚህ ወርኃዊ ደብተሮች ብዙዎቹ ተርፈዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ጌጡ ተመልሶ በመስኮት ሲገባ ይታያል፤ የወሩ ስም በሮንድ ተጽፎ፣ ከሥሩ በቀይ ቀለም ሐረግ ተስሎ፣ የጥቅምቱ ገጽ በወይን ዘለላ፣ የታኅሣሡ በበረዶ ታጅቦ። መምህራን ከልማዳቸው በአንድ ደንብ አልተላቀቁም።

ምስክር ወረቀቱም ጫናውን አበዛው። የ1882ቱ ሕግ ከአሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ መፈተን ይቻላል አለ። መምህሩ የሚያነበውን የሚጽፍ ተፈታኝ በዚያ ጽሕፈት አምስት ስህተት ካገኙበት ዜሮ ይሰጠዋል፤ ዜሮ ያገኘ ወደቀ። የጽሕፈት ውበትም ነጥብ ነበረው። ግን ጊዜው በቃል ጽሕፈቱና በሒሳቡ ላይ ይጠፋ ጀመርና በአንድ ጭረት የሚሣለው ወፍ ሥራ ፈታ።

ሐኪሞችም ከሌላ አቅጣጫ መጡ። የዓይን ሐኪሙ ኤሚል ዣቫልና ሌሎች ዘንበል ያለው አንግሌዝ ልጁን ጎኑን አጣሞ እንዲቀመጥ ያስገድደዋል፣ ጀርባውንም ዓይኑንም ይጎዳል ብለው ለቀጥ ያለ ጽሕፈት ተከራከሩ። ያ ክርክር ብዙ ወረቀት ጨረሰ።

ጌጡ በዚህ ጊዜ ሁለት መሸሸጊያ አገኘ። አንደኛው ሽፋኑ ነው። ከ1880ዎቹ ወዲህ አታሚዎች በቀለም ያሸበረቀ የደብተር ሽፋን ያወጡ ጀመር፦ የጦር ጀግኖች፣ ታላላቅ ፈጣሪዎች፣ አራዊት፣ ፈረንሳይ በአፍሪካና በእስያ የያዘቻቸው አገሮች። ልጁ ከእንግዲህ ሽፋኑን አይሥልም፤ መርጦ ይገዛል። በዚያው ሥዕል ደግሞ የቅኝ ግዛት ወሬ ሳያስበው ይጋተዋል።

ሁለተኛው መሸሸጊያ ወታደር ቤት ነበር። በ1889 ሕግ የውትድርና አገልግሎት ሦስት ዓመት ሆነ፤ ያም የመጀመሪያው አስገዳጅ ትውልድ ለሰልፍ ከደረሰበት ጊዜ ጋር ተገጣጠመ። በጦር ሰፈሩ ሥራ ያጣው ወታደር በትምህርት ቤት የተማረውን ሮንድ አወጣና የዘፈን ደብተር ያስጌጥ ጀመር። ከፊት የክፍለ ጦሩ ቁጥር፣ የተጠላለፉ ባለ ሦስት ቀለም ባንዲራዎች፣ አበባ፣ መለከት። ከውስጥ የፍቅር ዘፈን፣ የጉዞ ዘፈን፣ ለእናት የማይነበብ ዘፈን። ወደ ቤት ለመመለስ የቀሩት ቀናት የሚቆጠሩበት ገጽም አይጠፋም። ፊደሉ ያማረ፣ አጻጻፉ በስህተት የተሞላ ነው። ተቆጣጣሪ የለበትም፣ ወላጅ አያየውም፣ ነጥብ አይሰጠውም። በዘመኑ ካሉት ያጌጡ ደብተሮች ሁሉ ለባለቤቱ ደስታ ብቻ የተሠራው ይኼ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ ርቆ፣ በታሂቲ ደሴት፣ ሠዓሊው ፖል ጎጋን ከ1892 እስከ 1893 ለልጁ ለአሊን አንድ ደብተር አዘጋጀላት። ስለ ሥነ ጥበብ ያለውን ሐሳብ፣ የአንድ ሥዕሉን አወላለድ ታሪክና ከጋዜጣ የቆረጠውን ሰበሰበበት፤ በውሃ ቀለምም አሳመረው። አሊን ከእናቷ ጋር ኮፐንሃገን ትኖር ነበር። ደብተሩ ሳይደርሳት በጥር 1897 በ19 ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተች። ዛሬ በፓሪስ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ጎጋን ያንን ደብተር በያዘበት በ1892 በፓሪስ አቅራቢያ በፖንቷዝ ከተማ ዣን-አሌክሳንድር ሴየስ የተባለ የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ አንድ የወረቀት መስመር አስመዘገበ። ገጹ ስምንት ስምንት ሚሊሜትር ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ተከፍሎ፣ በየመካከላቸው ሦስት ቀጫጭን መስመሮች በሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ይሰመራሉ። ትንንሽ ፊደላት አንዱን ክፍተት ይሞላሉ፤ «ት» እና «ድ» የሚሰሙባቸው የላቲን ፊደላት ሁለት፣ ቀለበት ያላቸውና ትልልቆቹ ሦስት ክፍተት ይወጣሉ። በግራ በኩል ያለው ቀይ መስመር ለመምህሩ እርማት ቦታ ይከልላል። የፊደሉን ቁመት ድሮ በዓይን የሚመጥነው መምህሩ ነበር፤ አሁን ወረቀቱ ራሱ ይለካል። ሚኒስቴሩ በ1965 ኳስ ጫፍ እስክሪብቶ በክፍል እንዲገባ ሲፈቅድ ወፍራምና ቀጭን የሚያወጣው ብዕር ከቀለም ዕቃው ጋር ተሰናበተ። የሴየስ መስመር ግን አሁንም በፈረንሳይ ይታተማል፤ ትምህርት በተከፈተ ቁጥርም ወላጆች ተሰልፈው የሚገዙት እሱኑ ነው።